የታሸገችው መስኮት
(ስለ መታጠቢያ ቤት ሻጋታ፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር መልካም መልካም ነገር አሰምተዋችኋል። የእኔ ርእስ ግን ዝቅ ያለ ነው። የምናገረው ስለ መታጠቢያ ቤት ሻጋታ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ርእሱን ለመምህራችን ባቀረብሁ ጊዜ እሳቸውም ፈገግ ብለው ነበር፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ከሰሙኝ በኋላ ግን «ሌላ ርእስ አትፈልጊ፤ ይህንኑ ተናገሪ» አሉኝ።

«ያቤሎ ላይ ሻጋታ ከየት ይመጣል?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቦረና ዝናብ የሚናፈቅበት አገር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ገናውም ሐገያውም እየተከታተለ አምስት ወቅት በቀረ ጊዜ ከብቶቻችን እንዴት እንዳለቁ ከእኔ ይልቅ እናንተ ወላጆቻችን ታውቃላችሁ። እንዲህ ባለ አገር ስለ ርጥበት ማማረር እንደ ጥጋብ ይቆጠር ይሆናል። ነገር ግን ሻጋታ የአገሩን ሰማይ አይጠይቅም። ውጭ ምድሩ ተሰነጣጥቆ ሳለ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ሲያልብ ከሰነበተ ይበቅላል። በእኛም ዘንድ የሆነው ይኸው ነው።

የልጃገረዶች ማደሪያችን መታጠቢያ ቤት በብሎኬት የተሠራ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ፣ አንዲት መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ነው። መስኮቷም የምትከፈተው ሰው በሚተላለፍበት መንገድ በኩል ነው። ባለፈው ዓመት የማደሪያው ተጠሪ እኔ ነበርሁ። ልጆቹ «ሰው ያየናል» እያሉ ስለ ተሳቀቁ፣ ደግሞም የማታው ነፋስ ስለሚበርድ፣ በመስከረም መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ቀን መዶሻና ምስማር ተውሼ መስኮቷን በአሮጌ ቆርቆሮ መታሁባት። ሁሉም አመሰገኑኝ፤ እኔም ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ተረት በእኔ እንደሚፈጸም አላወቅሁም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሐገያ ዝናብ ገባ። በመታጠቢያ ቤቱ ማእዘን ላይ እንደ በርበሬ ዘር የሚያህሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ታዩ። ነጠብጣቦቹ ተጋጥመው እንደ መዳፍ ሰፉ፤ ኅዳር ሲገባ ከጣራው ሥር ያለው ግድግዳ ሁሉ ጠቍሮ፣ ከፎጣችን እስከ ልብሳችን የምድር ቤት ሽታ ሸተተ። በሳሙና ፈተግነው፤ ተመልሶ መጣ። በረኪና አፈሰስንበት፤ ነጣና በሁለት ሳምንት ተመልሶ መጣ። የተረፈ ቀለም ለምነን ቀባንበት፤ ቀለሙ እንደ ቍስል ቅርፊት ተነሣና ከሥሩ ያው ጥቍረት ወጣ።

በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የጽዳት ተረኞች መስሎኝ የአራት ልጆች ስም በሰሌዳ ላይ ጽፌ «ሰነፎች» አልኋቸው። ከአራቱ አንዷ ከ9ኛ ክፍል የመጣች ቀጭን ልጅ ነበረች። ግድግዳውን ስትፈትግ ትስል ስለ ነበር «ሥራ ለመሸሽ ነው» ብዬ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አሠራኋት። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ትንፋሽ አጠራት። ደረቷ እንደ ወናፍ ሲነፋ፣ ከንፈሯም ሲጠቍር አየሁ። በሌሊት ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። የጤና ባለሙያዋም አስም እንዳለባት፣ ሻጋታም አስም ያለበትን ሰው ክፉኛ እንደሚቀሰቅስበት ነገረችን።

አባቷ ከገጠር መጡ። ልጃቸውን ይዘው ሲሄዱ በር ላይ ቆመው «እኔ ልጄን ለትምህርት ሰጠኋችሁ እንጂ ለበሽታ አልሰጠኋችሁም» አሉ። ከተናገሩት ሁሉ የሚበልጥ ቍጣ አልነበረባቸውም፤ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ነበር። እኔ ግን ያንን ቃል ከዚያ ወዲህ ብዙ ሌሊት ሰምቼዋለሁ። በአገራችን አንዲት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ከወጣች ለመመለሷ ዋስትና እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለንና።

በማግሥቱ የጤና ባለሙያዋ መታጠቢያ ቤቱን ለማየት መጣች። ግድግዳውን ብዙ አላየችም። ቀጥ ብላ ወደ መስኮቷ ሄደችና «ይህን ማን አሸገው?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኋት። የዛሬው ንግግሬም ከዚያ መልስ የተወለደ ነው።

ከዚያ ወዲያ ስለ ሻጋታ ከመምህራችንም ከመጻሕፍትም እየጠየቅሁ ተማርሁ። ሻጋታ ፈንገስ የሚባል ሕይወት ያለው ነገር ነው። ዘሩ ከዱቄት የደቀቀ ስለ ሆነ በዓይን አይታይም፤ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሁልጊዜ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ዘሩን ከቤት ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። የሚበላውም አያጣም፤ የሳሙና ዝቃጭ፣ የገላ እድፍ፣ ቀለም፣ እንጨትና ወረቀት ሁሉ ይበቃዋል። እኛ ልንከለክለው የምንችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ውኃ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ አንሄድም። እናቶቻችን የሚጋግሩትን እንጀራ ተመልከቱ። እንጀራ ከነርጥበቱ በመሶብ ተከድኖ ሲቀመጥ በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል። ያው እንጀራ ተቈራርሶ በፀሐይ ሲሰጣ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሽም በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቈያል። ጤፉ አንድ፣ እርሾው አንድ፣ ምጣዱ አንድ ነው። ልዩነቱ ውኃው መውጣቱ ነው። የእኛ መታጠቢያ ቤት እንግዲህ የተከደነ መሶብ ሆኖ ነበር።

ውኃው እንዴት ወደ ግድግዳው ይሄዳል? ሙቅ አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ሸክሙን ይጥላል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ30 ዲግሪ ሙቀት 30 ግራም ያህል እንፋሎት መያዝ ይችላል። ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ የሚይዘው 17 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው 13 ግራም ጠብታ ሆኖ በቀዝቃዛው ነገር ላይ ያርፋል። የድስት ክዳን ስናነሣ ከውስጡ የሚንጠባጠበው ይኸው ነው። እኛም ማታ ማታ ከወጥ ቤት ሙቅ ውኃ በባልዲ እየተሸከምን በየተራ እንታጠብ ነበር። ሌሊት ቆርቆሮውና ብሎኬቱ ይቀዘቅዛሉ። እንፋሎቱም መውጫ ስላጣ ሌሊቱን ሙሉ በግድግዳው ላይ ላብ ሆኖ ያድር ነበር። የረጠበ ነገር በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ከደረቀ ሻጋታ ብዙ ጊዜ አይዘውም ይባላል። የእኛ ግድግዳ ግን ገና ሳይደርቅ የሚቀጥለው ማታ ይደርስበት ነበር።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ኦሪት ዘሌዋውያንን ስናነብ ምዕራፍ 14 ላይ ስለ ቤት ደዌ የተጻፈውን እንደ እንግዳ ነገር አልፌው ነበር። ከዚህ ነገር በኋላ ተመልሼ አነበብሁት። በቤቱ ግድግዳ አረንጓዴ ወይም ቀይ ነጥብ ያየ ሰው ለካህኑ ይነግራል። ካህኑም ዕቃው እንዲወጣ ያዛል፤ ቤቱን አይቶ ለ7 ቀን ይዘጋዋል። ነጥቡ ከሰፋ የተያዙት ድንጋዮች ይወጣሉ፤ ውስጡ ይፋቃል፤ ፍቅፋቂው ከከተማ ውጭ ይጣላል፤ ቤቱም በሌላ ጭቃ ይመረጋል። ከዚህ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ቤቱ ይፈርሳል። ሁለት ነገር አስገረመኝ። አንደኛ፣ በላዩ ቀለም ቅቡበት የሚል ትእዛዝ የለም። ሁለተኛ፣ ካህኑ የሚመረምረው ግድግዳውን ነው፤ «ከእናንተ ሰነፉ ማን ነው?» ብሎ የማንንም ስም በሰሌዳ አይጽፍም።

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ከእንግሊዝ አገር ተማርሁ። ሮችዴል በምትባል ከተማ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2020 ሞተ። ወላጆቹ ስለ ቤታቸው ሻጋታ ለዓመታት ቢያመለክቱም የተሰጣቸው ምክር በላዩ ቀለም እንዲቀቡ ነበር። የሞቱን ምክንያት የመረመሩት ዳኛ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕፃኑ የሞተው በቤቱ ሻጋታ ምክንያት በመጣ የመተንፈሻ ደዌ መሆኑን ወሰኑ። በሚቀጥለው ዓመትም አከራዮች እንዲህ ያለውን ቤት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያድሱ የሚያስገድድ፣ በሕፃኑ ስም የሚጠራ ሕግ ወጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መመሪያ የቤት ርጥበትና ሻጋታ ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ ሕመሞች ጋራ የተያያዙ መሆናቸውን ገልጾ፣ ዋናው መድኃኒት ርጥበቱን መከላከል ነው ብሏል። ባለጠጋ አገርም ቢሆን መስኮት የተዘጋበት ቤት ያው ነው።

ስለ ሻጋታ ክፉውን ብቻ እንዳልናገር፣ እ.ኤ.አ. በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በሎንዶን ከተማ ፔኒሲሊንን ያገኘው ከሻጋታ ነው። ከዚያም ብዙ ሕይወት ድኗል። ሻጋታ በቦታው ሲሆን ጌታ ነው፤ ከምንተኛበትና ከምንታጠብበት ስፍራ ግን ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ሠራነው ሥራ ልምጣ።

በመጀመሪያ ቆርቆሮውን ነቀልን። ልጆቹ ግን እንዳይታዩ መፍራታቸው እውነተኛ ነገር ስለ ሆነ ገበናቸውን ሳንጠብቅ መስኮቱን ብንከፍት በማግሥቱ መልሰው ያሽጉት ነበር። ስለዚህ ከወላጆች አንዱ ግንበኛ ስለ ሆኑ ሁለት ቀን ያለ ዋጋ ሠሩልን። በመስኮቷ ላይ ወደ ታች ያዘነበሉ ጠባብ ጣውላዎች መቱባት፤ አየር ያልፍባታል፣ ዓይን ግን አያልፍባትም። በፊት ለፊቱ ግድግዳ ደግሞ ከጣራው ሥር ብሎኬቶቹን በጎን አዙረው ቀዳዳቸው ወደ ውጭ እንዲሆን አደረጉ። አየር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ሁለት በር ያስፈልገዋልና፤ አንድ ብቻ ሲሆን እንደ ልብ አይዘዋወርም።

ሁለተኛ፣ ሌላውን ውኃ ፈለግን። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ባልዲ ብናስቀምጥ በአንድ ሌሊት ግማሹን ሞላው። የዘመዶቻችን ሴቶች ጄሪካን ተሸክመው ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ አስቤ አፈርሁ። የቧንቧውን ጎማ ለወጥን። የጣራው ዝናብ በግድግዳው ሥር ይወርድ ስለ ነበር አሸንዳ ተሰቅሎለት ወደ በርሜል እንዲገባ ሆነ፤ በዚያ ውኃ ዛሬ በግቢው የምታዩትን ችግኝ እናጠጣለን። በግድግዳው ግርጌ የተከመረውን አፈርም ዛቅነው።

ሦስተኛ፣ የበቀለውን አነሣን። ይህን ሥራ አስም ያለበት ሰው ከቶ አይሠራውም፤ የእኔ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር። የምንሠራውም አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ጓንት አድርገን፣ በሩንና መስኮቱን ከፍተን ነው። ሻጋታ ደረቁን ከተፋቀ ዘሩ ስለሚበንን አስቀድመን በሳሙና ውኃ አርጥበን ፋቅነው። የተነሣውን ቀለምና የላላውን ልስን አራግፈን አወጣን። የሻገተውም ኮርኒስ ውስጡ ድረስ ዘልቆበት ስለ ነበር አወጣነውና ጣልነው። በረኪና የተጠቀምነው በመጨረሻ ነው፤ ለ1 እጅ በረኪና 16 እጅ ውኃ ይበቃል። ወላጆቻችን፣ ይህን አደራ ያዙልኝ፤ በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋራ ከቶ አትቀላቅሉ፤ ሳንባን የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ግድግዳው ለብዙ ቀን ከደረቀ በኋላ በኖራ ቀባነው። ኖራ ሻጋታ የማይወደው ነገር ነው፤ ዓይን ግን ስለሚያጠፋ በጥንቃቄ ይያዛል።

ይህን ሁሉ ለአያቴ በነገርኋት ጊዜ ሳቀች። «ይህን ለመማር ነው 12 ዓመት ትምህርት ቤት የገባሽው?» አለችኝ። ጎርፋዋን አንሥታ አሳየችኝ። የወተት ዕቃዋን ታጥበዋለች፤ አፉን ከፍታ ታደርቀዋለች፤ ከዚያም በወይራ ፍም ታጥነዋለች። ረጥቦ የተከደነ ጎርፋ ወተቱን እንደሚያበላሽ ከእናቷ ተምራለች። በሰሜን ያሉ እናቶችም የጠላ ጋናቸውን አጥበው በወይራ ጢስ ያጥናሉ። ዕውቀቱ በቤታችን ነበረ፤ እኛ ለወተቱ ስናውቀው ለራሳችን ትንፋሽ ረሳነው።

የቀረው ነገር መጠበቅ ነበር፤ ይህም ከሁሉ ይከብዳል። መስኮት ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። እንግዲህ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ዱብሉቅ ያሉትን የቱላ ጕድጓዶች አስታወስን። በዚያ ሰዎች ከላይ እስከ ታች በመሰላል ቆመው፣ እየዘፈኑ ውኃውን እጅ በእጅ ያወጣሉ። ሥራው ሳይታወክ የሚሄደው የዕለቱን ተራ የሚጠብቅ አባ ሄሬጋ ስላለ ነው። እኛም ለመታጠቢያ ቤታችን በየቀኑ አንዲት አባ ሄሬጋ ሾምን። ሥራዋ አራት ነው፤ የመጨረሻዋ ልጅ ስትታጠብ ግድግዳውንና ወለሉን በመጥረጊያ ጎማ ትጠርጋለች፤ በሩንና መስኮቱን ከፍታ ትተዋለች፤ ፎጣዎቹ ውጭ በፀሐይ መሰጣታቸውን ታያለች፤ የሚንጠባጠብ ነገር ካየች በዚያው ቀን ትናገራለች። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ሴት ልጅን «አባ» ብለን ስንጠራ እንሥቃለን፤ ሥራው ግን ይሠራል።

ዛሬ ከንግግሩ በኋላ ወላጆቻችን መታጠቢያ ቤቱን እንድትጎበኙልን እንለምናለን። ግድግዳው ነጭ ነው። በበሩ ማእዘን አንዲት ጥቍር ነጥብ ባለፈው ወር ታይታ ነበር፤ ሳንደብቃት በዚያው ቀን አነሣናት። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለምን?

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኔ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ ወጥቼ እሄዳለሁ። የምተውላችሁ ምክር አጭር ነው። አንድ ነገር ደጋግሞ ሲበላሽ በመጀመሪያ ሰነፍ ሰው አትፈልጉ፤ በመጀመሪያ የታሸገውን መስኮት ፈልጉ። ያሸገው እጅ የራሳችሁ ሆኖ ብታገኙትም «እኔ ነኝ» ለማለት አትፈሩ።

ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅ በየካቲት ወር ተመልሳለች። ግድግዳው ተጠናቆ በኖራ ከተቀባ በኋላ ርእሰ መምህራችን ወደ አባቷ መልእክት ላኩ፤ እሳቸውም መጡና መታጠቢያ ቤቱን ገብተው በመዳፋቸው ግድግዳውን ዳሰሱት፤ መዳፋቸውንም አዩት። ደረቅ ነበር። ምንም ሳይናገሩ የልጃቸውን ሣጥን ከመኪናው ላይ አወረዱ። እኔም በዚያን ቀን በጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ዛሬ 10ኛ ክፍል ናት፤ በዚህ አዳራሽም ከእናንተ መካከል ተቀምጣለች። ስሟን አልጠራም፤ አንድ ጊዜ ያለ ፈቃዷ በሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁና ይበቃል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።